የደምና የወዝ ሒሳብ

በጦር ሜዳ የቆሰለ ወታደር ስም አለው። በበዓል ቀን ይታወሳል፤ ይዘፈንለታል፤ ልጆቹ ጠባሳውን እያዩ ያድጋሉ። እርሱም ቢሆን «ይህን ያገኘሁት እዚያ ነው» ብሎ የሚጠራው ተራራ ወይም ወንዝ አያጣም። ገና ወታደርነትን በመማር ላይ ሳለ የተሰበረ ሰው ግን ምን ይባላል? ከገመድ ላይ ወድቆ ወገቡ የተጎዳ፣ ቦይ ሲዘል ጉልበቱ የዞረ፣ በተኩስ ልምምድ ጆሮው የደነቆረ ምልምል ጀግና አይባልም፤ ጠላት አላየምና። የጦር ጉዳተኛም አይባልም፤ ጦርነት አልነበረምና። ወታደር እንዳይባል ሥልጠናውን አልጨረሰም፤ ሲቪል እንዳይባል ደግሞ የተሰበረው በትእዛዝ ነው።

እንዲህ ያለ ሰው ደመወዙን፣ ሕክምናውንና ካሣውን ለመጠየቅ አንድ ቢሮ በር ላይ ሲቆም የሚያነሣው ጥያቄ የሕግ ጥያቄ ብቻ አይደለም። ከሕጉ ሥር አንድ የቆየ የሞራል ጥያቄ አለ። አገር፣ እርስዋን ለማገልገል ሲዘጋጅ ለተጎዳ ሰው ያለባት ነገር ምንድን ነው? ምስጋና ነው? ምጽዋት ነው? ወይስ ዕዳ? ሦስቱ ቃላት ሲያዩአቸው የሚቀራረቡ ይመስላሉ። ልዩነታቸው የሚታወቀው ሳይከፈሉ ሲቀሩ ነው። ምስጋና የቀረበት ሰው ቅር ይለዋል። ምጽዋት የተከለከለ ሰው «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብሎ ይሄዳል። ዕዳው ያልተከፈለው ሰው ግን ተበዳይ ነው፤ በር ላይ ቆሞ የመጮህ መብትም አለው።

ይህን የምጽፈው ወላይታ ሶዶ ተቀምጬ ነው። በዳሞታ ተራራ ግርጌ ያለችው ይህች ከተማ የወላይታ ዞን ዋና ከተማ ናት። ወላይታ ሰው የበዛበት፣ መሬት የጠበበበት አገር መሆኑ የታወቀ ነው። አባት ለሦስት ወንዶች ልጆቹ የሚያካፍለው መሬት አንዳንዴ ከእንሰቱ ጓሮ አያልፍም። ስለዚህ ወጣቱ ይወጣል። አንዱ ወደ አዲስ አበባ ያቀናል፣ ሌላው ወደ እርሻ ልማቶች ይወርዳል፤ አንዳንዱም በቀበሌው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የመከላከያ ምልመላ ጥሪ ሲለጠፍ የትምህርት ማስረጃውን ይዞ ይሰለፋል። የእንጀራ ጉዳይ ብቻ ነው ብል ግን ልጆቹን ማቃለል ይሆንብኛል። የደንብ ልብስ ለብሶ ወደ መንደሩ የተመለሰን ልጅ እናቱ እንዴት እንደምታየው ያየ ሰው፣ እዚያ ሰልፍ ላይ ክብር ፍለጋም እንዳለ ያውቃል።

ደግሞም ወታደራዊ ሥልጠና ለዚህ አካባቢ የሩቅ ወሬ አይደለም። ከወላይታ በስተምሥራቅ በሚፈሰው ወንዝ ስም የሚጠራው የብላቴ ማሠልጠኛ ብዙ ትውልድ ያውቀዋል። በ1975 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት አዋጅ ዕድሜው ከ18 እስከ 30 የሆነ ወንድ ስድስት ወር ሠልጥኖ ሁለት ዓመት እንዲያገለግል ያስገድድ ነበር። በ1983 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ሊወድቅ በተቃረበበት ወቅት ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ትምህርታቸውን አቋርጠው ወደ ብላቴ ተላኩ። ግንቦት 13 ቀን ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አገር ጥለው ሲወጡ ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ ወደ ኬንያ ተሰደዱ። በዚያ ግርግር ውስጥ በልምምድ ላይ የተጎዳ ተማሪ ቢኖር ሒሳቡን ለማን ያቅርብ? ያሠለጠነው መንግሥት ራሱ አልነበረም።

የጋዜጠኝነት ዲፕሎማ ይዤ በየመጽሔቱ እየጻፍኩ የምኖር ሰው ስለ ሆንኩ፣ የሰፈሬ ሰው «አንተ ብዕር ታውቃለህ» እያለ ማመልከቻ ያስጽፈኛል። ከመጡት መካከል ከሶዶ ዙሪያ ገጠር የመጣ አንድ ወጣት ነበረ። የሠለጠነበትን ቦታ አልጠቅስም፤ ጉዳዩ የአንድ ቦታ አይደለምና። እንደነገረኝ ከሆነ በሥልጠናው አራተኛ ወር ከመሰናክል ግድግዳ ላይ ሲወርድ የግራ ጉልበቱ ተጠመዘዘ። ክሊኒኩ በፋሻ አስሮ ማስታገሻ ሰጠው። «ሰበበኛ» እንዳይባል ፈርቶ ሦስት ቀን በዚያው ጉልበት ሮጠ። በአራተኛው ቀን መቆም አቃተው። ከዚያ በኋላ አንድ ወር ሆስፒታል ተኛ፤ ከዚያ የሁለት ወር የእረፍት ወረቀት ተሰጥቶት ወደ ቤቱ መጣ። እረፍቱ አልቆ ሲመለስ ጓዶቹ ተመርቀው በየክፍሉ ተመድበዋል። የእርሱ ስም ግን ከምልምሎቹ መዝገብ ተሰርዞ ከጎኑ አንዲት ቃል ተጽፋለች፤ «ያቋረጠ» የምትል።

«ጋሼ፣ እኔ አላቋረጥኩም» አለኝ። ሌላውን ሁሉ ረጋ ብሎ ነበር የነገረኝ፤ እዚህች ላይ ሲደርስ ግን ድምፁ ተለወጠ።

የሚጠይቀው ብዙ አይደለም። ያልተከፈለው የጥቂት ወራት ገንዘብ አለ። ለሕክምና ያወጣው አለ። ከሁሉም በላይ የሕክምና ቦርድ አይቶት የጉዳቱ መጠን በወረቀት እንዲሰፍርለት ይፈልጋል። አንዱ ቢሮ «ከሠለጠንክበት ቦታ ማስረጃ አምጣ» አለው። የሠለጠነበት ቦታ «ማኅደርህ ወደ በላይ ተልኳል» አለው። በላይ ያሉት «ከታች አልደረሰንም» አሉት። በዚህ መካከል እናቱ ለመሳፈሪያና ለአልጋ ጊደር ሸጠች። ሁሉም ክፉ ሰዎች አልነበሩም። አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ከኪሱ አውጥቶ ምሳ ጋብዞታል። ይኸው ደግ ሰው ነው እንግዲህ በቅንነት እንዲህ ያለው፦ «ወንድሜ፣ ችግሩ እኮ ደመወዝ አልጀመርክም!»

ይህ ዓረፍተ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። «ደመወዝ» የሚለውን ቃል ሽማግሌዎች ሲፈቱት ደምና ወዝ ይሉታል። ሠራተኛ የሚከፈለው የፈሰሰ ደሙና የወጣ ወዙ ዋጋ ነው ማለት ነው። ቃሉን እንዲህ ከፈታነው ይህ ልጅ ደሙንም ወዙንም ሰጥቷል። ያልጀመረው ደመወዙ ሳይሆን መዝገቡ ነው። መዝገቡን የሚጀምረው ደግሞ እርሱ አልነበረም።

ሌላም ቃል አለ። የጡረታ ሕጋችን በሥራ ላይ አካሉ ጎድሎ ሥራ መሥራት ግን ላልተሳነው ሰው በአንድ ጊዜ የሚከፈለውን ገንዘብ «የጉዳት ዳረጎት» ይለዋል። ዳረጎት በተራው አማርኛ ቸር ሰው ከእጁ ቆርሶ የሚሰጠው ነገር ነው። ሰጪው ይመሰገንበታል፤ ተቀባዩ አነሰኝ አይልበትም። የሕግ ባለሙያዎች ቃሉ የቴክኒክ ስም ብቻ እንደሆነ ይነግሩናል፤ እውነታቸውን ነው። ቢሆንም ቃል አመል አለው። ዕዳን በስጦታ ስም የሚጠራ መሥሪያ ቤት ውሎ አድሮ ዕዳውን እንደ ስጦታ መቁጠር ይጀምራል፤ ጠያቂውንም እንደ ለማኝ።

ስሌቱን ራሱን እንመልከት። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 714 የመከላከያ ሠራዊት አባላትንም ያቀፈ ነበር። በዚያ አዋጅ በሥራ ምክንያት ቢያንስ 10 ከመቶ ጉዳት ደርሶበት ሥራ መሥራት የማይችል ሰው የደመወዙን 47 ከመቶ በየወሩ እንዲያገኝ ተደንግጓል። ሥራ መሥራት የሚችለው ግን ያው 47 ከመቶ በ60 ወር ተባዝቶ፣ እንደ ጉዳቱ መጠን ተሰልቶ በአንድ ጊዜ ይከፈለዋል። ለምሳሌ የወር ደመወዙ 1,000 ብር የነበረና ጉዳቱ 20 ከመቶ ነው የተባለ ሰው 470 በ60፣ ከዚያም በ20 ከመቶ ሲሰላ 5,640 ብር ይደርሰዋል። አዋጁ በ2014 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ ተተክቷል። እኔም እዚህ ያነሣሁት ለብሩ ልክ ሳይሆን ስሌቱ ስለሚቆምባቸው ሁለት ቁጥሮች ነው። አንደኛው የተጎጂው ደመወዝ ነው፤ ሁለተኛው የጉዳቱ መጠን። የእኛ ልጅ «ደመወዝ አልጀመርክም» ሲባል የመጀመሪያው ቁጥር ዜሮ ሆነ። ቦርድ ፊት ሳይቀርብ ሲቀር ሁለተኛውም ባዶ ቀረ። ዜሮ በምንም ቢባዛ ዜሮ ነው። ሰውዬው በሒሳብ ቋንቋ አልተጎዳም ማለት ነው!

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በሥልጠና ላይ የደረሰ ጉዳት በጦር ሜዳ ከደረሰው ያነሰ ዕዳ አለበት የሚለው አስተሳሰብ ከየት መጣ? የምገምተው፣ ካሣን ከጀግንነት ጋር ስላያያዝነው ነው። ለጀግና እንሸልማለን፤ ያልተዋጋ ደግሞ ጀግና አይደለም፤ ስለዚህ ሽልማት የለውም። ስሕተቱ ያለው መነሻው ላይ ነው። ካሣ ሽልማት አይደለም። ሽልማት የሚሰጠው ሰውየው ስላደረገው ነገር ነው፤ ካሣ የሚሰጠው በሰውየው ላይ ስለደረሰው ነገር ነው።

በሰሜን ግንባር የተመታ፣ ዛሬም ታፋው ውስጥ ስብርባሪ ያለበት አንድ ሃምሳ አለቃ ጎረቤቴ አሉ። የልጁን ነገር ሳጫውታቸው የእርሳቸውን ቁስል ከእርሱ በላይ ያደርጉታል ብዬ ጠብቄ ነበር። እርሳቸው ግን ጥቂት አሰቡና «የእኔ ጥይት የጠላት ነበር» አሉ። «የዚህ ልጅ ግድግዳ ግን የራሳችን ነው።»

ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የትም አላነበብኩም። በጦርነት የቆሰለ ሰው ቢያንስ ሁለት ባለዕዳ አለው፤ የላከው መንግሥትና የተኮሰበት ጠላት። በሥልጠና የተጎዳው ግን ጠላት የለውም። ግድግዳውን ያቆመው፣ ሰዓቱን የወሰነው፣ «ዝለል» ያለው፣ ሲያመው «ሩጥ» ያለው አንድ አካል ነው። በጦር ሜዳ አዛዡ የማይቆጣጠረው ብዙ ነገር አለ። በማሠልጠኛ ግቢ ውስጥ ግን የምልምሉ እንቅልፍ እንኳ በፉጨት ነው። ሥልጣን ሙሉ በሆነበት ቦታ ኃላፊነት ጎደሎ ሊሆን አይችልም። እንዲያውም ወታደሮች ራሳቸው የሚሉት አባባል አለ፤ በሥልጠና የፈሰሰ ላብ በጦርነት የሚፈሰውን ደም ያድናል ይላሉ። ይህ እውነት ከሆነ በማሠልጠኛ የተሰበረው ልጅ ለሌሎቹ ደም ቀብድ የከፈለ ሰው ነው። ቀብዱን ተቀብሎ ባለቤቱን አላውቀውም ማለት ነውር ነው።

አንባቢ «ይሁን እንጂ» የሚልባቸው ነጥቦች እንዳሉ አውቃለሁ። የመጀመሪያው፣ ልጁ ወዶ ነው የገባው የሚለው ነው። በደርግ ጊዜ የተመለመለው በግዳጅ ነበር፤ ዛሬ ግን በሕጉ ውትድርና በፈቃደኝነት ላይ የቆመ ነው። ወዶ የገባ ሰው አደጋውንም ወዶ ተቀብሏል ይባላል። እውነት ነው፣ አደጋውን ተቀብሏል። በአደጋው ጊዜ ብቻውን መተውን ግን አልተቀበለም። የገጠሩን ደቦ እንውሰድ። ጎረቤት ወዶና ፈቅዶ ለአጨዳ ይመጣል። ማጭዱ እጁን ቢቆርጠው ባለ እርሻው «ማን ና አለህ?» ሊለው ይችላል? ቢለውስ በሚቀጥለው ዓመት ማን ይመጣለታል? ፈቃደኝነት የጠሪውን ግዴታ የሚያከብድ እንጂ የሚያቀልል ነገር አይደለም።

ሁለተኛው፣ ማንም አላጠፋም የሚለው ነው። አሠልጣኙ እንደ ደንቡ አሠለጠነ፤ ግድግዳው እንደ ደንቡ ቆመ፤ አደጋ ደረሰ። ይህንን ጥያቄ ሕጋችን ለሌላው ሠራተኛ ከመለሰው ቆይቷል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ሠራተኛው በሥራ ላይ ጉዳት ሲደርስበት፣ ሆን ብሎ ያደረሰው ካልሆነ በቀር፣ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው ይላል። ሶዶ ውስጥ ፎቅ ሲሠራ ከመወጣጫ እንጨት የወደቀ የቀን ሠራተኛ የአሠሪውን ጥፋት ማስረዳት አይጠበቅበትም። አዋጁ ግን የሠራዊት አባላትን አይመለከትም፤ እነርሱ የሚተዳደሩት በራሳቸው ሕግ ነው። ይህ መለየት ምክንያት አለው፤ ወታደር የሥራ ማቆም አድማ እንዲመታ የሚፈልግ አገር የለም። ነገር ግን ወታደር ከሌላው ሠራተኛ የሚለየው ብዙ መብቱን ስለሚተው ከሆነ፣ በምትኩ የሚያገኘው ጥበቃ ሊበልጥ ይገባል እንጂ እንዴት ሊያንስ ይችላል?

ሦስተኛው ክርክር ከሁሉ ይከብዳል፤ ድኻ አገር ነን የሚለው ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 መንግሥት አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ያለ ወላጅ የቀሩ ሕፃናትን ለማቋቋምና ለመርዳት የአገሪቱ አቅም በፈቀደው መጠን ገንዘብ እንዲመድብ ያዛል። «አቅም በፈቀደ» የሚለው ሐረግ ለእርዳታ ተገቢ ነው፤ የሌለን ነገር አንሰጥም። ለዕዳ ግን አይሠራም። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለግድግዳው ሲሚንቶ የሸጠለትን ነጋዴ «አቅም በፈቀደ እከፍልሃለሁ» አይለውም። የሲሚንቶው ሒሳብ ዕዳ ከሆነ የጉልበቱ ሒሳብ በምን ተለይቶ እርዳታ ይሆናል? ድህነት የክፍያውን መጠን ሊያሳንስ፣ ጊዜውንም ሊያራዝም ይችላል። ዕዳውን ወደ ምጽዋት የመለወጥ ሥልጣን ግን የለውም።

ደግሞም ያልተከፈለ ሒሳብ የትም አይጠፋም፤ ወደ ሌላ ሰው ይዛወራል። ይህንን ወላይታ ከማንም በላይ ሊያውቅ ይገባዋል። በ1887 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ጦር ካዎ ጦናን ድል አድርጎ አገሩን ከያዘ በኋላ፣ እንደ ሌላው የደቡብ አገር ሁሉ፣ ወታደሩ በደመወዝ ፋንታ ገባር ተመደበለት። መንግሥት ከግምጃ ቤቱ ያልከፈለውን ገባሩ ከጎተራውና ከጉልበቱ ከፈለ። የዚያ ሥርዓት ትዝታ በዚህ አገር እስከ ዛሬ መራራ ነው። ያ ዘመን አልፏል፤ ማንም እንዲመለስ አይፈልግም። ነገር ግን ጊደርዋን የሸጠችው እናት የምትከፍለው ምንድን ነው? መንግሥት ለወታደሩ መክፈል የነበረበትን አይደለም? ስሙ ተለወጠ እንጂ ሒሳቡ ዛሬም ከገበሬው ጓሮ ነው የሚወጣው።

አራተኛው ክርክር የማታለል ነገር ነው። በር ከተከፈተ ያልተጎዳውም እያነከሰ ይመጣል ይባላል። ይህ ፍርሃት የእኛ ብቻ አይደለም፤ ዕድሜው ከ2,400 ዓመት በላይ ነው። በጥንቷ አቴና አካለ ጎደሎ ድኾች በየቀኑ አንድ ኦቦል ከመንግሥት ያገኙ ነበር። ፕሉታርክ እንደጻፈው የዚህ ልማድ ሥሩ በጦርነት አካላቸው የጎደለውን በሕዝብ ገንዘብ ማስተዳደር ነበር። ሊስያስ የተባለው የንግግር ጸሐፊ፣ ከሳሽ ተነሥቶበት አበሉ ሊቋረጥ ለነበረ አንድ ሰው የጻፈለት መከላከያ እስከ ዛሬ አለ። ሰውየው በሁለት ምርኩዝ የሚሄድ ነው። ከሳሹ ግን ፈረስ ሲጋልብ አይቼዋለሁ፣ የሚሠራበትም ሱቅ አለው ይላል። ተከሳሹ ሲመልስ በፈረስ የሚሄደው መራመድ ስላልቻለ መሆኑን፣ ፈረሱም የተውሶ መሆኑን ያስረዳል። እንግዲህ ያኔም ቢሆን ተጎጂው ሁለት ጊዜ ነበር የሚፈተነው፤ አንዴ በጉዳቱ፣ ሁለተኛ በጉዳቱ ማስረጃ። አቴናውያን ግን አንድ ነገር አደረጉ። ሰውየውን 500 አባላት ባሉት ምክር ቤት ፊት አቅርበው ሰሙት። አታላይ እንዳይገባ የፈራ ሰው መፍትሔው መመርመር ነው። ሳይመረምሩ በሩን መዝጋት አታላዩንም እውነተኛውንም እኩል ያደርጋል።

ምናልባት ከእነዚህ ሁሉ ክርክሮች በስተጀርባ ያለው አንድ የድሮ ተረት ነው፤ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ»። ይህም የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1950 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት «ፌረስ» ተብሎ በሚጠራው ውሳኔው ወታደር በአገልግሎቱ ምክንያት ለደረሰበት ጉዳት መንግሥትን በቸልተኝነት መክሰስ እንደማይችል ወስኗል። የሚገርመው፣ በዚያ መዝገብ ከተጣመሩት ሦስት ጉዳዮች አንዱም በጦር ሜዳ የደረሰ አይደለም። አንዱ ሟች በሰላም ጊዜ የሠፈረበት ቤት ተቃጥሎ ነው የሞተው። ሌላው ላይ የሠራዊቱ ሐኪሞች ቀዶ ሕክምና ሲያደርጉ ሆዱ ውስጥ ፎጣ ረስተዋል። የእንግሊዝ ሕግም ከ1947 ጀምሮ ተመሳሳይ ክልከላ ነበረው፤ ፓርላማው ያነሣው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው።

ሆኖም ከዚህ ታሪክ አንድ ቁም ነገር እንውሰድ። የአሜሪካው ፍርድ ቤት የክሱን በር ሲዘጋ ካቀረባቸው ምክንያቶች አንዱ፣ ተጎጂዎች ያለ ክስ ካሣ የሚያገኙበት ሌላ ሥርዓት አለ የሚል ነበር። የክሱ በር ሲዘጋ የመዝገብ ቤቱ በር ክፍት መሆን አለበት ማለት ነው። እኔም ምልምል ሁሉ ጄኔራሉን ፍርድ ቤት ያቁም እያልኩ አይደለም። ሠራዊት ያለ ትእዛዝ እንደማይቆም ይገባኛል። ክስ የማይቻልበት ቦታ ላይ ግን ቢሮው ራሱ ዳኛ ነው። ዳኛ ደግሞ «ነገ ተመለስ» ብሎ መዝገብ አይዘጋም።

የወታደርን ጥቃቅን ብሶት መናቅ ምን እንደሚያስከትል ይህ አገር አይቷል። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በያኔው ሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት፣ ወላይታም በዚያ ሥር በነበረበት ጊዜ፣ ነገሌ ቦረና የሠፈረው 4ኛ ብርጌድ አመፀ። ምክንያቱ የመጠጥ ውሃና የምግብ ጉዳይ ነበር። ሊያረጋጓቸው የተላኩትን ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ይዘው ከዚያው ምግብ እንዲበሉ፣ ከዚያው ውሃ እንዲጠጡ አደረጉ። በዚያው ዓመት አመፁ በየክፍሉ ተዛመተ፤ በአዲሱ ዓመት መስከረም 2 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ዘውዱ በውሃ ጉዳይ ብቻ ወረደ ማለቴ አይደለም፤ ምክንያቱ ብዙ ነበር። የምለው፣ ወታደሮቹ የጠየቁት ምጽዋት አልነበረም። ከአዛዦቻቸው ጋር አንድ ዓይነት ሰው መሆናቸው እንዲታወቅላቸው ነበር።

በመጨረሻ ወደ ወረቀቱ ልመለስ፤ ፍልስፍናው የሚፈተነው እዚያ ነውና። የተጎዳ ምልምል ጉዳቱን አስረዳ ይባላል። ማስረጃዎቹ የት ናቸው? የክሊኒኩ መዝገብ ካምፑ ውስጥ ነው። የሥልጠናው ፕሮግራም ካምፑ ውስጥ ነው። ምስክሮቹ ካምፑ ካሠለጠናቸው በኋላ በየክፍሉ የተመደቡ ወታደሮች ናቸው። ስልክ እንኳ ሳይዝ የገባ ልጅ የሌላ ሰው ካዝና ውስጥ ያለ ወረቀት እንዲያቀርብ መጠየቅ ፍትሕ አይደለም። ሚዛኑ ሊገለበጥ ይገባል። ጤነኛ ነህ ብለው ተቀብለውታል፤ ሲገባ በሐኪም አስመርምረውታል። ሲወጣ እያነከሰ ከወጣ፣ ጉዳቱ እዚያ አለመድረሱን ማስረዳት ያለበት መዝገቡን የያዘው ወገን ነው።

ይህ ትልቅ በጀት አይጠይቅም። ጉዳቱ በደረሰበት ዕለት ቀኑን፣ ቦታውን፣ የሥልጠናውን ዓይነትና የአዛዡን ፊርማ የያዘ አንድ ገጽ በሦስት ቅጂ ይጻፍ። አንዱ በካምፑ ይቅር፣ አንዱ ወደ በላይ ይሂድ፣ ሦስተኛው በተጎጂው እጅ ይሁን። ወደ ቤቱ ከመሸኘቱ በፊት ቦርድ ይየው። ደመወዝ ያልጀመረ ከሆነ ቢጨርስ ኖሮ ሊያገኘው የነበረው የተራ ወታደር ደመወዝ ለስሌቱ መነሻ ይሁን። ከዚህ በኋላ ገንዘቡ ቢያንስም ቢዘገይም፣ ተጎጂው ቢያንስ ምን እንደሚጠይቅና ከማን እንደሚጠይቅ ያውቃል።

ክብርንና ገንዘብን ማቀላቀል አገልግሎትን ያረክሳል የሚሉ አሉ፤ አገር ንግድ አይደለችም ይላሉ። እስማማለሁ፣ አይደለችም። ነገር ግን ዕዳውን ያልከፈለ ሰው የሚሰጠው ምስጋና ጆሮ አይገባም። መጀመሪያ ሒሳቡ ይዘጋ፤ ክብሩ ከዚያ በኋላ ቢመጣ ያምርበታል።

የልጁን ማመልከቻ ስጽፍ ከገንዘቡ በፊት ያስቀደምኩት አንድ ጥያቄ ነው፤ በእርሱ ምርጫ እንጂ በእኔ አይደለም። «ያቋረጠ» የምትለው ቃል ተሰርዛ በምትኳ «በሥልጠና ላይ የተጎዳ» ተብሎ እንዲጻፍ ነው የጠየቀው። ሦስት ቃል ብቻ ነው። ይህን ለመጻፍ የአገር አቅም የማይፈቅድ ከሆነ፣ የጎደለን ሌላ ነገር ነው እንጂ ገንዘብ አይደለም።